ከክሮቹ ሥር ያለችው ሽቦ

ሰኞ

ዝናቡ ገባ። ከሱቁ ጀርባ ያለችው የኔ ጓዳ ጣሪያዋ ታፈሳለች፣ ባልዲ አጠገቤ አርጌ ነው የምበይደው፣ ጠብ ባለ ቁጥር እጄ ይደነግጣል። ይሄ የእህቴ ልጅ ደብተር ነው፣ ሕፃኑ ፊት ፊቱን ሞነጫጭሮ የጣለው። ሰው ጋ ማውራት ስለማልችል እዚህ ላይ ላውራ ብዬ ነው።

ጋሼ የእህቴ ባል ነው፣ ሱቁም የሱ ነው። ጊታርና አምፕሊፋየር እንጠግናለን። እሱ አምፕሊፋየሩን፣ እኔ ጊታሩን፣ ግን እኔ መኖሬን ደንበኛ አያውቅም፣ መሀላችን መጋረጃ አለ። «ሴት በየደችው ከተባለ ማን ጊታሩን ያመጣል» ይላል።

ዛሬ አንዱን ጊታር ከፍቶ ለባለቤቱ ሲያሳየው ሰማሁት። «ይቺን ብየዳ እያት እስቲ፣ ጤዛ አትመስልም? ይሄ እጅ በዋዛ የመጣ እጅ አይደለም» አለው። ሰውየውም «እጅህን ይባርከው» አለው። እጁን። እኔ ያቃጠልኩትን ጣቴን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር። ምን ልበል፣ የምበላው ከሱ ነው፣ የምተኛው እሱ ቤት ነው፣ ትምህርቱን ገና በልጅነቴ ነው የተውኩት፣ ዝም ነው እንጂ።

ረቡዕ

ቀጮ የሚሉት ጊታር መቺ መጣ። የሠርግ አዳራሹ ባንድ ውስጥ ነው፣ እየመታ ይዘፍናል። ጋሼ ውጪ ስልክ ሲያወራ መጋረጃውን ገለጥ አርጎ ራሱን አስገባ።

«አይጧ የሚሉሽ አንቺ ነሽ?»

«ማነው የሚለኝ?»

«ጋሼሽ። ከጀርባ የሚንኮሻኮሸው ምንድነው ብለው አይጥ ናት አለኝ።»

ቀና ብዬ አላየሁትም። እሱ ጠረጴዛዬን አየ አየና «አይጥ ሽቦ ስትቆርጥ እንጂ ስትቀጥል አይቼ አላውቅም» አለ። ሳቄ አመለጠኝ።

«የኔንም ቀጥይልኝ በናትሽ። ስነካው ይጮሃል፣ ስተወው ይጮሃል፣ ልክ እንደ ሚስት።»

«ሚስት አለህ እንዴ?» አልኩት። ለምን እንደጠየቅኩት እንጃ፣ ከሥራው ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።

«ይሄን ጩኸት እየሰማች ማን ታገባኛለች» አለ። ጋሼ ሲያስል ሰማን፣ መጋረጃው ተዘጋ።

ሐሙስ ማታ

ቀኑን ሙሉ የቀጮን ጊታር ስሠራ ዋልኩ። ሌላውን ሁሉ አስቀድሜ መጨረስ ነበረብኝ፣ ግን እሱን አስቀደምኩ፣ ቶሎ ስለሚፈልገው ነው።

ስከፍተው ሽቦው ያልተበጠረ ፀጉር ነው የሚመስለው። ከኔ በፊት የነካው ሰው ሊዱን፣ የሚቀልጠውን ማለት ነው፣ ዝም ብሎ አንጠባጥቦበት ሄዷል፣ ግራጫ ሆኗል፣ በጥፍሬ ገፋ ሳረገው ተላቀቀ። ሁሉንም አወረድኩት። የቮሊዩሙን መዞሪያ ጀርባ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅኩት፣ ካልፋቁት ሊዱ ቅባት ላይ እንደወደቀ ውሃ ይንከባለላል እንጂ አይዝም። የሽቦዎቹን ጫፍ አስቀድሜ ሊድ አጠጣኋቸው። ከዛ የሚሞቀው ብረቱ ነው፣ ሊዱ አይደለም። ብረቱ ከሞቀ ሊዱ ራሱ ፈልጎ ይገባል። ከዛ እጅን ይዞ ዝም ነው፣ እፍ ማለት የለም፣ መነቅነቅ የለም። ሲረጋ ካበራ ይዟል፣ ከጨለመ እንደገና ነው።

የኧርዝ ሽቦዎቹን፣ ወደ መሬት የሚሄዱትን፣ ሁሉ አንድ ቦታ ነው ያሰርኳቸው፣ እዚም እዛም ካሰሯቸው ራሳቸው ይጎረምራሉ። ዋናዋ ግን ከክሮቹ ሥር ያለችው ናት። ክሮቹ በተያዙበት ብረት ሥር በቀጭን ቀዳዳ ገብታ ክሮቹን ከኧርዙ ጋር ታገናኛለች፣ ከውጪ አትታይም። እሷ ካለች ሰውየው ክሩን ሲነካ ጩኸቱ ይተኛል። የቀጮ ተበጥሳ ነበር። አዲስ አስገባሁለት፣ ወፈር ያለች፣ ጎትቼም አየኋት፣ ንቅንቅ የለም። የሱቁ አምፕሊፋየር ላይ ሰክቼ ክሩን ስነካው ጸጥ አለ። ሰው የሌለበት ቤት ጸጥ እንደሚለው።

ቀጮ የራሱን አምፕሊፋየርም አምጥቶ ነበር፣ እሱ ግን ጋሼ ጋ ሲጎረምር ዋለ። ጋሼ ሲሳደብ ቆየና ፒንሳ አንስቶ ወደ ሳጥኑ ኋላ ዞረ፣ ወዲያው ጩኸቱ ጠፋ። «አየሽ፣ አንቺ ቀኑን ሙሉ ስትቆፍሪ የዋልሽውን እኔ በአንድ ቁርጥ» አለኝ። ስጠርግ ከመሰኪያው የተቆረጠች እግር አገኘሁ፣ ሦስተኛዋ፣ የኧርዟ። እዚህ ሰፈር ያሉ ጠጋኞች ጩኸት ሲያስቸግራቸው እሷን ይቆርጣሉ፣ ትርፍ እግር ናት ይላሉ። እኔ ስለ አምፕሊፋየር ምን አውቃለሁ።

ዓርብ

ቀጮ ጊታሩንም አምፕሊፋየሩንም ወሰደ። መጀመሪያ ሰክቶ ክሩን አንዴ መታ አደረገና ጆሮውን አምፕሊፋየሩ ላይ ለጠፈ። «ምን አረግሽው፣ ገደልሽው እንዴ ጩኸቱን» አለ። ነገ የአዳራሹ ጓሮ በር ላይ ቆሜ መስማት እንደምችል ነገረኝ። ለእህቴ ነገርኳት። «ምን ልታረጊ? ሰው እንዲጠቋቆምብሽ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቀሚሴን ግን አጠብኩት፣ ቆሽሾ ስለነበር ነው።

እሁድ ጠዋት

ቀጮን ኤሌክትሪክ ያዘው። ትናንት ሠርጉ ላይ። እጁ ክሩ ላይ እያለ በከንፈሩ ማይኩን ሲነካ። ወደ ኋላ ወረወረው አሉ። አልሞተም። እኔ የሠራሁት ነው። የቱ ጋ ነው። አስሬዋለሁ እኮ። ሰው መጣ

እሁድ ማታ

የመጣው ረጅሙ ነው፣ ከባንዱ፣ ቤዝ ጊታር የሚመታው። ጊታሩንና አምፕሊፋየሩን ተሸክሞ መጥቶ ወለሉ ላይ አስቀመጣቸው፣ አስቀመጣቸው አይባልም።

«ልጁ ሆስፒታል ነው። ከንፈሩ ተቃጥሏል፣ ግራ እጁ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል» ብሎ ጣቶቹን ቆልመም አርጎ አሳየ። «ማነው የነካው ይሄን ጊታር?»

ጋሼ ተነስቶ ሄደና መጋረጃውን ከዳር እስከ ዳር ከፈተው። እኔ መበየጃዬን እንደያዝኩ ቁጭ ብያለሁ።

«እሷ ናት» አለ። «እኔ አምፕሊፋየሩን ነው። ጊታሩን እሷ ናት።»

«ይቺ?»

«የሚስቴ እህት ናት። አሳዝናኝ ያስጠጋኋት ናት እንጂ ሥራውንም በቅጡ አታውቀው።»

ረጅሙ አየኝ፣ እኔ ባልዲውን አየሁ። እስከ ዛሬ የሠራሁት ሁሉ የጋሼ ነበር። በሰው ፊት የኔ ነው የተባለልኝ ሥራ ይሄ አንዱ ነው።

ማክሰኞ

አስሬያታለሁ። ጎትቼ አይቻታለሁ። ታበራ ነበር። ወይስ ታበራ የመሰለኝ መብራቱ ነው? ምናልባት እሱን እያሰብኩ እጄ ተነቅንቆ ይሆናል። የሥራ ሰዓት ላይ ሰው ማሰብ ምን ይባላል፣ አይጧ፣ የልብሽን አገኘሽ።

ጋሼ የአምፕሊፋየሩን መሰኪያ በአዲስ ቀየረው። «አሮጌው ተሰንጥቆ ነው» አለኝ። አልጠየቅኩትም ነበር። ቀየረው እንጂ አልሰካውም፣ ጥግ ላይ ጨርቅ አልብሶ አስቀመጠው።

ምሳ ላይ ዕቃ ሳጥብ እህቴ «ቆርጠኸዋል አይደል?» ስትለው ሰማሁ። «ዝም በይ» አላት። ከዛ ሕፃኑ አለቀሰና ሌላውን አልሰማሁም። ስለ ምን እንደሆነ እንጃ። የኔ ነገር አይደለም።

ሐሙስ

የቀጮ እናት መጡ። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር።

«የልጄን እጅ የበላው የትኛው ነው?» አሉ። ጋሼ በአገጩ ወደኔ አሳያቸው።

ብዙ አዩኝ። «ይቺ ሕፃን ናት?» አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ልጄ በዛ እጅ ሠርቶ ነው የሚበላ። ጣቱን ዘርጋ ሲሉት እኔን ነው የሚያየኝ፣ እኔ እንድዘረጋለት።»

ይቅርታ ልላቸው ፈልጌ «እማማ» ብቻ ወጣኝ።

«እማማ አትበይኝ» አሉ። «የሥራሽን ይስጥሽ።»

ከዛ ለጋሼ ነገሩት። ቅዳሜ የአዳራሹ የድምፅ ባለሙያ፣ መላጣው የሚሉት፣ እዚሁ መጥቶ ሁለቱንም ዕቃ በሁሉም ፊት ይከፍታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይናገራል። የተገኘበት ሰው ፖሊስ ጣቢያ ይሄዳል። ጋሼ «በደስታ» አላቸው። እጁን ኪሱ ውስጥ ከቷት ነበር።

ሰው ለዚህ ይታሰራል? ሴት ሲያስሩ የት ነው የሚያስሩት? ማንን ልጠይቅ።

ዓርብ

ዛሬ ጋሼ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ተቀምጦ አያውቅም። ሻይ በእጁ አመጣልኝ፣ ስኳሩ ይበዛል።

«የኔ እህት» አለኝ። እንደዛ ብሎኝም አያውቅም። «ነገ ሰውየው ሲከፍተው አንድ ነገር ማግኘት አለበት። ካላገኘ ወደኔ ነው የሚዞረው። እኔ ከታሰርኩ ሱቁ አለቀለት፣ እህትሽ ይሄን ሕፃን ይዛ የት ትግባ? አንቺ ልጅ ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ይራሩልሻል። ረሳሁ ትያለሽ፣ ታለቅሻለሽ፣ አለቀ።»

«ምኑን ረሳሁ ልበል?»

«ያቺን ከክሮቹ ሥር ያለችውን ሽቦ። ንቀያት። ኧርዝ ካልታሰረ ይነዝራል፣ ይሄን ማንም ያውቃል።»

እህቴ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሕፃኑ ወገቧ ላይ። «እሺ በይው» አለችኝ። እኔን አይደለም ያየችው፣ የሕፃኑን አፍንጫ እየጠረገች ነው ያለችኝ።

ጊታሩን ከፈትኩት። መጀመሪያ ቴስተር አስነካሁት፣ ከክሩ እስከ ኧርዙ ከተያያዘ ይጮሃል። ጮኸ። ይዛለች። ብየዳዋ እንዳረኳት ናት፣ ታበራለች። ተሳስቼ አልነበረም። ደስ ሊለኝ ሲል ነው ሌላው የመጣልኝ። ይዛ ባትሆን እኮ ኤሌክትሪኩ ቀጮን አይነካውም ነበር። አምፕሊፋየሩ ያቺን እግሩን አጥቶ መሬት የሚሄድበት መንገድ የለውም፣ ብረቱ ላይ የደረሰ ኤሌክትሪክ በገመዱ ጊታሩ ጋ ይመጣል፣ ከዛ በኔ ሽቦ ወደ ክሩ፣ ከክሩ ወደ ጣቱ፣ ከጣቱ ወደ ከንፈሩ፣ ከከንፈሩ ወደ ማይኩ። መንገዱን አሳምሬ የጠረግኩለት እኔ ነኝ። ያ ያንጠባጠበው ሰው የሠራው ቢሆን ኖሮ ቀጮ ዛሬ ጊታር ይመታ ነበር።

እና ይቺ ከተነቀለች ክሩ ከምንም ጋር አይገናኝም፣ ከየት አምጥቶ ይነዝራል? ጋሼ ጊታር ከፍቶ ከሠራ ቆይቷል፣ ጊታሩን ለኔ ከተወ ወዲህ። ይሄን ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«ቶሎ በይ» አለኝ። «የምትይውን ነገ ትያለሽ።»

ቶሎ አልኩ። መበየጃውን አስነካኋት፣ ቀለጠች፣ ሳብኳት። የራስን ብየዳ ማቅለጥ በጣም ቀላል ነው፣ ደህና አርጎ የተበየደ ወዲያው ነው የሚለቀው። ሻዩን አልጠጣሁትም።

ቅዳሜ

እንዳለ ልጻፈው።

የቀጮ እናት ወንበር ተሰጣቸው፣ ረጅሙ በሩ ላይ ቆመ፣ እህቴ ከኔ ኋላ። መላጣው ሱሪውን ሰብሰብ አርጎ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ጊታሩን ጉልበቱ ላይ አስተኛው። ሳይከፍተው ጋሼ «ተናገሪ» አለኝ።

«ረሳሁ» አልኩ። «ከክሩ ሥር ያለችውን ሽቦ ሳላስር ረሳሁ።»

እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

መላጣው ከፍቶ አየ። ሽቦዋን በጣቱ አነሳት። ቴስተሩን አስነካ፣ አልጮኸም።

«ያን ቀን ሠርጉ ላይም እንዲህ ነበረች ነው የምትይው?»

«አዎ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«አዎ አለችህ እኮ» አለ ጋሼ። «ልጅ ናት፣ ስህተት ነው፣ እኛም አዝነናል። ኧርዝ ነገር እንዲህ ነው።»

መላጣው ጊታሩን ትቶ ጋሼን አየው። «እንግዲያው ወንድሜ፣ ልጁን የያዘው ኤሌክትሪክ በክንፉ በሮ ነው የመጣው» አለ። «ይቺ ካልታሰረች ክሩ ማለት የልብስ ማስጫ ገመድ ማለት ነው። የልብስ ገመድ ሰው ሲገድል አይተሃል?»

ረጅሙ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«ደግሞ እዩዋት፣ ሊዷ ጫፏ ላይ አለ። ታስራ ነበረች። ትናንት ትሁን ከትናንት ወዲያ ነው የተነቀለችው።» ከዛ ጨርቁን ከአምፕሊፋየሩ ላይ አነሳው። «መሰኪያው አዲስ ነው። አሮጌው የታለ?»

«ጣልኩት» አለ ጋሼ።

«ስንት እግር ነበረው?»

መላጣው ሁላችንንም ፈቀቅ በሉ ብሎ ሰካው። ቷ አለና የሱቁ መብራት ድርግም አለ። በጭለማው ውስጥ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። መላጣው ነቅሎ ጀርባውን ከፍቶ በባትሪ ሲያበራበት ልጡ የተገሸለጠ ሽቦ የብረት ሳጥኑን ነክቶ ተኝቷል፣ ለኛም አሳየን። ሦስተኛዋ እግር ብትኖር ያን ቀንም እንዲህ መብራቱ ጠፍቶ ነበር የሚቀረው አለ፣ ስለሌለች ልጁ ላይ ወጣ።

«በሰው ቋንቋ ንገሩኝ» አሉ እናትየው።

«እማማ፣ የነከሰው ሳጥኑ ነው። ልጅቷ አይደለችም።» ወደኔ ዞረ። «ማነው ሽቦዋን ንቀይ ያለሽ?»

የእህቴ ትንፋሽ አንገቴ ላይ ይሰማኛል።

«ጋሼ ነው» አልኩ።

«አልሰማሁሽም።»

«ጋሼ ነው» አልኩ ደግሜ።

ሰኞ

ጋሼን ፖሊሶች ወሰዱት። ሱቁ ታሸገ። እህቴ ልብሴን በፌስታል አርጋ በሩ ላይ አስቀመጠችልኝ። መበየጃዬ እዛው ውስጥ ቀረ። አክስቴ ጋ ነኝ፣ ማዕድ ቤቷ ውስጥ ፍራሽ ዘርግታልኛለች፣ «እስኪበርድ ነው» ብላኛለች። አክስቴ ለጎረቤቷ «የእህቷን ቤት ያፈረሰችው ናት» ስትል ሰማሁ። እኔ መኖሬን አላወቀችም። ወይ አውቃለች።

ሐሙስ

ቀጮን ላየው ሆስፒታል ሄድኩ። ሦስት ጊዜ በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ቀሚሴን አድርጌ ነበር፣ ሌላ ልብስ ስለሌለኝ።

ከንፈሩ ላይ ፋሻ አለ፣ ሲያወራ አንድ ወገን ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው። ግራ እጁን አንሶላ ሥር ደብቋታል።

«መላጣው ነገረኝ» አለ። «በደንብ አስረሽው ነበር አለኝ።»

«አዎ።»

«ሌላ ሰው ቢሆን እንዲህ አጥብቆ አያስረውም ነበር።»

ቀልድ ይሁን ምን ይሁን ፊቱን አይቼ መለየት አልቻልኩም። ድሮም ቀልደኛ ነው። ስስቅለት ግን እሱ አልሳቀም። እናቱ ውሃ ይዘው ሲመጡ ተነሳሁ። ተቀመጪም ሂጂም አላሉኝም።

እሁድ

እህቴ መጣች። አክስቴ ገበያ ሄዳለች። ሕፃኑ መንገድ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፣ ፍራሼ ላይ አስተኛችው፣ እሷ ግን አልተቀመጠችም። ከስታለች። ምን ትበላለች ብዬ አሰብኩ፣ አልጠየቅኳትም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አለችኝ። «እውነቱን ንገሪኝ።»

«እሺ።»

«ያቺን ሽቦ ስትነቅይ፣ ከተነቀለች ክሩ እንደማይነዝር ታውቂ ነበር?»

አምፖሉን አየሁ፣ ፍራሹን አየሁ።

«ቶሎ በይ አለኝ» አልኳት።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ።»

«አልጠየቀኝም እኮ። ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር።» ይሄን ስል ድምፄ የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ደሞ እውነቴን ነው፣ ቢጠይቀኝ እነግረው ነበር። ይመስለኛል።

ራሷን ነቀነቀች፣ የፈለገችውን እንዳገኘ ሰው። ያኔ ነው ያን ቀን ዕቃ ሳጥብ የሰማሁት ትዝ ብሎኝ እኔም አፌ የተከፈተው።

«አንቺስ? እግሯን እንደቆረጣት ታውቂ ነበር አይደል? እሺ በይው ስትይኝ ታውቂ ነበር።»

«ባሌ ነው» አለችኝ።

«እኔስ?»

ሕፃኑን አነሳችው። ጭንቅላቱ ትከሻዋ ላይ ወደቀ፣ አልነቃም። በአንድ እጇ ደግፋው ወጣች። በሩን ክፍት ነው የተወችው፣ ተመልሳ ትዘጋው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ፣ ከዛ ተነስቼ እኔው ዘጋሁት።